እትዬ የሺን ከደመና ያወረድኩበት ሳምንት

የምተዳደረው ሰውን ከቆመበት ቦታ ነጥዬ በማውጣት ነው። ነገሩ ሲነገር እንደሚያስፈራው አይደለም። ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ መካከል፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሲያትል ውስጥ ሐበሻ ሲያርፍ ቤተሰቡ የሟቹን ፎቶ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። የሚሉኝም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ባክግራውንዱን ሪሙቭ አድርግልን።» ሟቹ የቆመው በልጁ ምረቃ ላይ ይሁን፣ ሐይቅ ዳር ይሁን፣ የሱቅ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሁን ለውጥ የለውም። ቦታው ይጠፋል፣ ፊቱ ይቀራል። ከፊቱ ኋላ ሰማያዊ ሰማይና ነጭ ደመና ይገባል፤ ቤተሰቡ ከወደደ ርግብ ይጨመራል። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት ይህንን ነው። ደመናው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ቀይሬው አላውቅም። በሕይወት ሳሉ አንድ ዕድር ውስጥ መቀመጥ ያቃታቸው ሰዎች ሁሉ እኔ ዘንድ አንድ ደመና ላይ ተስማምተው ቆመዋል።

በተረፈኝ ሰዓት አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ደግሞ እቃወማለሁ። በማኅበረሰባችን መጽሔት ላይ በየወሩ አንድ ገጽ አለችኝ፤ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ፈልጌ የማልስማማባት ገጽ ናት። ይህ ገጠመኝ ከመድረሱ ሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ የያዝኳቸው የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሠዓሊዎችን ነበር። ሥራዎቻቸው በውሰት መጥተው መሀል ከተማ ባለው ሙዚየም ይታዩ ነበርና ሄጄ አየሁ። ከእነርሱ በፊት የሰው ምስል ለብቻው፣ የሜዳና የዛፍ ሥዕል ለብቻው የሚሠራ፣ ማዕረጉም የተለያየ ሥራ ነበር። እነዚህ ግን የሚሥሏትን ሴት ከቤት አውጥተው ዛፍ ሥር አስቀመጧትና ፊቷንም ቅጠሉንም በአንድ ብሩሽ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም አጋቡት። ጉንጯ የት አልቆ ቅጠሉ የት እንደሚጀምር ሳይለይ ቀረ። ዓለም ይህን ያደንቃል። እኔ ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሁለት ባላ ተካዮች ናቸው። ፊቱ ቢሰበርባቸው በዛፉ፣ ዛፉ ቢሰበርባቸው በፊቱ ይንጠለጠላሉ። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቅዱሱን በቢጫ ቀለም ላይ ያቆመዋል፣ አበቃ። ጻድቅ ሣር አያስፈልገውም።» በመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር በጣም ኮርቼ እንደነበር አልደብቃችሁም።

እትዬ የሺ ያረፉት በሰኔ ነው። ልጃቸው ቤዛ ነርስ ናት፤ የእናቷን ስልክ ራሱን ይዛ ማተሚያ ቤት መጣችና ፎቶውን በገመድ ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩት። እትዬ የሺ አንድ ዛፍ ሥር፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ ጎን ዘወር ብለው ቆመዋል። ፊታቸው ላይ አረንጓዴ ጥላ ወድቋል፤ ከአፍንጫቸው ወዲያ ያለው ዓይን ከነአካቴው በጥላ ተውጧል። እኔም እንደ ልማዴ ነጥዬ አወጣኋቸው። አረንጓዴውን ከአገጫቸው ላይ አጠብኩት፤ የተደበቀውን ዓይን አበራሁት፤ ነጠላውን እንደ በረዶ አነጣሁትና ደመናዬ ላይ አቆምኳቸው። በቀብሩ ዕለት ፖስተሩን ያየ ሁሉ «እንዴት ታምራለች» አለ። ሥራዬ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አርባቸው ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ቀን ቤዛ ደወለች።

«ሃይ ጋሽ መላኩ፣ ሶ አርባዋ ቅዳሜ ነው። አባዬ ያ ፖስተር ካለ አልመጣም አለ።»

«የት ነው የማይመጣው?»

«አርባዋ ላይ ነዋ። አዳራሹም፣ ጸሎቱም፣ ምንም። ይህቺን ሴትዮ አላውቃትም አለ። ከቀብሩ ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮታል። እኔ አስታምሜ አስታምሜ ደከመኝ።»

ባል ያልተገኘበት አርባ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቤዛም ታውቃለች፤ ድምጿ ውስጥ ያለው እሱ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና በመጀመሪያ የተሰማኝ ለራሴ ነው። ሁለት መቶ ለቀስተኛ ያመሰገነውን ሥራ አንድ ሽማግሌ ወደ ግድግዳ አዞረው። ከሥራ እንደወጣሁ በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ከመኪናው ጋር ተሰልፌ እነቤዛ ወደሚኖሩበት ወደ ፌደራል ዌይ ሄድኩ።

የቤዛ አባት ጋሽ አሰፋ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ንግግራቸው አጭር፣ ከዘራቸው ረጅም። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የቆመውን ፖስተር ያዩ ነበር፤ ማለትም ጀርባውን።

«ጋሽ አሰፋ፣ ምኑ ነው ቅር ያሰኘዎት?»

«አዙረው።»

አዞርኩት።

«ማናት?»

«ባለቤትዎ ናቸው።»

«የሺ ደመና ላይ ቆማ አታውቅም» አሉ። «እስካሌተር እንኳ ትፈራ ነበር።»

ቤዛ ከኩሽና በኩል ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

«ፎቶውን ማን እንዳነሳው ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያነሳሁት ፎቶ እሱ ብቻ ነው።»

ከዚያ ነገሩኝ። ድሮ የሚኖሩት ሲያትል፣ ማውንት ቤከር የሚባል ሰፈር ነበር። ኪራይ ገፍቶ ከልጃቸው ዘንድ ፌደራል ዌይ ቢያመጣቸውም እትዬ የሺ እዚያ ባለው የጋራ አትክልት ቦታ ያለቻቸውን አንዲት መደብ አልለቀቁም። የማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከፍታ አይሞክሩም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ አሰፋ በመኪና ይወስዷቸዋል፣ ጥላ ፈልገው ፓርክ ያደርጋሉ፣ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ዓምና በሐምሌ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሚስታቸው ስልኩን ሰጧቸው።

«ጎመኑን አንሳልኝ፣ ለዘውዴ ልልክላት ነው አለችኝ። ዘውዴ እህቷ ናት፤ ጎመን አይበቅልልሽም ብላት ነበር። ጎመኑን ሳነሳ እሷ ገባችበት።» ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «አንተ ደግሞ ጎመኑን አወጣኸው። የፕሪሙን ዛፍ ምን አደረግኸው?»

«አጠፋሁት።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ልማዱ ነው፣ ጋሽ አሰፋ።»

«የማን ልማድ?»

ልማድን በመቃወም ስም ያወጣሁት ሰው ለልማድ ጠበቃ ሆኜ ቆምኩ። ደመናውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። ምናልባት እኔ ነኝ።

«ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ» አሉ። «እሷ ከሆነች እገባለሁ። ያቺ ከሆነች ቤዛ ወደ ቤቴ ትመልሰኛለች።»

«ዋናውን ፎቶ እንዳለ አትምልዎታለሁ፤ ቀላል ነው» አልኳቸው።

ቀላል አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ዋናው ፎቶ የለም። ሥራ ሳስረክብ ዋናውን የማጥፋት ልማድ አለኝ፤ ቦታ ይይዛል እያልኩ። የቀረችው የተቆረጠችው ሴት ብቻ ናት፤ አገጯ የታጠበ፣ ዓይኗ የበራ። ለቤዛ ደወልኩላት።

«የእማዬን ስልክ ሪሴት አድርገን አዲስ አበባ ለአክስቴ ልጅ ላክነው እኮ» አለች። «ኦህ ማይ ጋድ፣ ጋሽ መላኩ። አንተ ጋ አለ ብዬ ነበር።»

ለእትዬ ዘውዴም ሳይላክ ቀርቶ ነበር፤ የተገኘው በቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላይ ከእትዬ የሺ ስም አጠገብ ያለችው ክብ ምስል ብቻ ነበረች፤ አንድ ሳንቲም ብታህል ነው። ተዘርግታ ስትታይ ፊቱ አራት ቡናማ ነጥብ፣ ዛፉ ደግሞ አሥር አረንጓዴ ነጥብ ይሆናል። ጋሽ አሰፋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያነሱትን ፎቶ በሙሉ አጥፍቻለሁ ማለት ነው።

ካሜራ ይዤ ማውንት ቤከር ሄድኩ። መደቧን ማግኘት አልከበደኝም፤ የፕሪም ዛፍ ያለው አንድ ጥግ ብቻ ነው። የጎረቤት መደብ ሰዎች ለአርባ ቀን ያህል ውሃ ሲያጠጡላት ከርመዋል፤ ከአክብሮት ይሁን ከይሉኝታ፣ ቅጠል የቆረጠ ግን የለም። ጋሽ አሰፋ ቆመው ይሆናል ብዬ ከገመትኩበት ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ጥሩ አድርጌ አነሳሁት። ተመልሼ እትዬ የሺን ከደመናው አውርጄ ዛፋቸው ሥር አቆምኳቸው።

ጉድ ሆነ። ድሮ ፎቶ ቤት ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆመን የምንነሳውን ታስታውሱታላችሁ? ልክ እንደዚያ። ሴትየዋ እዚህ፣ ዛፉ እዚያ፤ በመካከላቸው መግባባት የለም። ጥላ ጨመርኩ፣ ጠርዟን አለሰለስኩ፣ ብርሃኑን ቀነስኩ። ባሻሻልኳት ቁጥር ይበልጥ የተለጠፈች ሆነች። ሰውና ቦታን መለየት ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ማገናኘት ግን አንድም ቀን ሞክሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው የሰደብኳቸው ፈረንሳዮች ትዝ ያሉኝ።

ሙዚየሙ ከመዘጋቱ በፊት ደረስኩ። አንድ ሥዕል ፊት ቆምኩ፤ የሠዓሊውን ስም ብጠራላችሁ አታውቁትም፤ እኔም ከመለያው ላይ ነው ያነበብኩት። አንዲት ሴት ቼስትነት የሚሉት ቅጠለ ብዙ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። አፍንጫዬ ሸራውን ሊነካ ሲል ከኋላዬ በአማርኛ ተባልኩ፤

«ወንድሜ፣ ትንሽ ራቅ በል።»

ግርማ ነው፤ የሙዚየሙ ጠባቂ፣ ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ።

«ጽሑፍህን አነበብኩት» አለኝ። «በቀን ስምንት ሰዓት ቆሜ የማያትን ሴትዮ አንተ አርባ ደቂቃ አይተህ ሰደብካት።»

«ሃያ ደቂቃ» አልኩት።

«እሱማ ያስታውቃል።»

ችግሬን ነገርኩት። ሳቀብኝ፤ ከዚያ የኤግዚቢሽኑን ወረቀት ከእጄ ወስዶ መካከሉ ላይ በጣቱ ቀዳዳ አበጀና መለሰልኝ። «እኔ ሲሰለቸኝ የምጫወተው ነው። እዚህ ቁም። ቅጠሉን በሙሉ ሸፍን፣ በቀዳዳው ፊቷን ብቻ እይ። ምን አየህ?»

አየሁ። አገጯ አረንጓዴ ነው። ጉንጯ ሐምራዊ ነው። ግንባሯ ላይ የሆነ ቢጫ ነገር አለ።

«የታመመች ሴት» አልኩ።

«አሁን ወረቀቱን አንሳው።»

አነሳሁት። ሴትየዋ ዳነች። አረንጓዴው ከሣሩ ተነስቶ አገጯ ላይ ያረፈ ብርሃን ሆነ፤ ቢጫው በቅጠል መካከል ሾልኮ የወረደ ፀሐይ። የዋለችበት ቀን ሞቃት እንደነበር፣ ነፋስ እንዳልነበረ፣ ከመስፋቷ ቀና ለማለት እንዳልቸኮለች ሁሉ ታየኝ።

«አየህ» አለ ግርማ፣ «ጤናዋ ያለው ዛፉ ላይ ነው።»

ስለእነዚህ ሠዓሊዎች ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደዚህ አጥርቶ የጻፈ አላጋጠመኝም። ችግሬም እዚያው ቆሜ ገባኝ። እኔ እትዬ የሺን ከአረንጓዴው «አድኛቸው» ነበር። ወደ ዛፋቸው ስመልሳቸው ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን የዛፉ ሳይሆን የደመናዬ ነው። ቦታውን ከኋላቸው ብቻ አይደለም ያጠፋሁት፤ ከፊታቸውም ላይ አጥፍቼዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ባለቤቴን ነጠላ ጠየቅኳት።

«ለምንህ ነው?»

«ዛፍ ላይ ልሰቅለው።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ኮትህን መንጠቆው ላይ ስቀል ስልህ ኖሬ፣ አሁን ነጠላዬን ዛፍ ላይ» አለች፤ ግን ሰጠችኝ።

ረፋዱ ላይ ነጠላውን ፕሪሙ ላይ፣ በእትዬ የሺ ቁመት ልክ ሰቀልኩት። ነጭ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። እኔም እምል ነበር። ቀዳዳ ያለውን የግርማን ወረቀት አውጥቼ ቁራጭ ቁራጩን አየሁት፤ ጥላው ያለበት እጥፋት ሰማያዊ ነው፣ ወደ ጎመኑ ያዘነበለው አረንጓዴ፣ ፀሐይ የነካው ጠርዝ ቢጫ። ነጭ የሚባል ቦታ መዳፍ አታህልም። በየአቅጣጫው አነሳሁት፤ አንድ ጎረቤት ባለ መደብ ውሃ ማጠጣቱን አቁሞ ነጠላ ፎቶ የሚያነሳውን ሰው ፎቶ አነሳ።

ማተሚያ ቤት ተመልሼ ያጠብኩትን መልሼ ማቆሸሽ ጀመርኩ። ክቧን ምስል አጠገቤ አድርጌ፣ የነጠላውን ቀለሞች እየተከተልኩ፣ አገጫቸው ላይ የጎመኑን አረንጓዴ አሳረፍኩ። ያነጣሁት ነጠላ ላይ ሰማያዊ ጥላ አወረድኩ። ትከሻቸው ከቅጠሉ የሚለይበትን መስመር፣ ያን የምኮራበትን ጥርት ያለ መስመር፣ ደመሰስኩት። በመጨረሻ ያበራሁትን ዓይን አጠፋሁት፤ ወደነበረበት ጥላ መለስኩት። ለሰዓታት እንደዚያ ሠርቼ ወንበሬን ወደ ኋላ ስገፋ እትዬ የሺ ፕሪማቸው ሥር ቆመዋል። አልተለጠፉም። ቆመዋል። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ቤዛ አክስቷን ይዛ መጣች። እትዬ ዘውዴ የታላቅ እህታቸውን መታሰቢያ ሳያዩ የሚያሳልፉ ሴት አይደሉም። ማሽኑ እያተመ የሚያወጣውን ባለ ስድስት ጫማ ምስል አጎንብሰው መረመሩት።

«አንተ፣ አንደኛው ዓይኗ የት ሄደ?»

«ጥላ ውስጥ ነው፣ እትዬ ዘውዴ።»

«የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይተህ አታውቅም? በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?»

አልጠፋኝም። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳም ነው። በገጼ ላይ ያወደስኩት ሥርዓት ራሱ ሊበላኝ መጣ።

«አክስቴ፣ ኢትስ ጀስት አ ሻዶ» አለች ቤዛ።

«ዝም በይ። እህቴን ሰው ፊት ከይሁዳ ጋር አላሰልፋትም። ዓይኗን አብራልኝ።»

አንዲት ቁልፍ ብቻ ነበረች የምትበቃው። ያቺ ዓይን ከበራች ግን ፊቱ በሙሉ ወደ ደመናው እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ ነገ በሩ ላይ ቆመው የሚያዩት ደግሞ ጋሽ አሰፋ ናቸው። ያኔ አፌ ላይ የመጣልኝ የግርማ ቃል ነው።

«እትዬ ዘውዴ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ።»

«ምን አልከኝ?»

«ወደ በሩ። ይራቁና ይዩዋት።»

እያጉረመረሙ፣ በወረቀት ጥቅሎች መካከል እያዘገሙ ወደ ኋላ ሄዱ። አራት እርምጃ ላይ «የለም» አሉ። ስድስት ላይ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። በሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከቅርብ የቀለም ነጥብ ብቻ የነበረው ጥላ ከዚያ ርቀት ተሰብስቦ ሽፋሽፍት ሆነ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር አንዲት የብርሃን ፍንጣሪ።

«አለች» አሉ በቀስታ። «እየሰረቀች ነው የምታየው። ሁልጊዜም እንደዚህ ነበረች።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጎመኑ ግን በዝቷል።»

ቅዳሜ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ምስሉን አዳራሹ በር ላይ አቆምነው። የመጣ ሰው ሁሉ ግራ እየተጋባ ያልፋል። «ደመናው የታለ?» አለኝ አንዱ። «መላኩ፣ ሳይጨርሰው ነው ያመጣው» ሲል ሌላውን ሰማሁት። እኔ ዓይኔ ከመኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ጋሽ አሰፋ ጸሎቱ ላይ አልነበሩም።

የቤዛ መኪና ስትገባ ምሳው ሊቀርብ ነበር። ጋሽ አሰፋ ወረዱ፤ ከዘራቸውን ይዘው፣ ማንንም ሰላም ሳይሉ ወደ በሩ መጡና ምስሉ ፊት ቆሙ። ቤዛ ቁልፉን ጨብጣ ከኋላቸው ቀረች። እሳቸው ማንም ሳይነግራቸው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ፎቶ አንሺው እሳቸው አይደሉ? የቆሙበትን ቦታ ያውቁታል።

«አብቧል» አሉ።

ምን እንዳሉ አልገባኝም።

«ጎመኑ አብቧል እኮ። ይህ ቢጫ ያኔ አልነበረም።»

ለዚህ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። የተዘጋጀ ውሸት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት አልወጣ አለኝ።

«ሐሙስ ያነሳሁት ነው» አልኩ። «የእርስዎን ፎቶ አጥፍቼዋለሁ። እሳቸው የዓምናዋ ናቸው፣ ቦታው የዘንድሮ ነው። እኔ ነኝ ያጋጠምኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

አላዩኝም።

«ማንም አልቆረጠውም?»

«ውሃ ያጠጡታል። የቆረጠ ግን የለም።»

«ታብድ ነበር» አሉ። «ጎመን እስኪያብብ ዝም ትላለች?» ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ጥላው፣ ወደዚያች ዓይን አመለከቱ። «ይህችውላችሁ። እኔን ነው የምታየው። 'ጎመኑን አንሳ አልኩህ እንጂ' ልትለኝ ነው።»

ሳቁ። ከሰኔ ወዲህ አባቷ ሲስቁ ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደነበር ቤዛ በኋላ ነገረችኝ። ገቡ። የመጀመሪያውን ወንበር ስበው ከምስሉ ፊት ለፊት አደረጉና ተቀመጡ፤ እስከ ምሳው መጨረሻ ሳይነሱ፣ የመጣውን ሁሉ እያስቆሙ «ያ የኛ ፕሪም ነው፣ ያ ደግሞ ጎመኗ» እያሉ አስረዱ። ደመናው የታለ ያለው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተሰልፎ ሰማ።

ሰው መበተን ሲጀምር ጠሯት። «ቤዛ፣ የመኪናዬን ቁልፍ።»

«አባዬ፣ ናው? መኪናህ ቤት ነው ያለው።»

«እንግዲያው ያንቺን። ዘሩ ከረገፈ መደቡን በሙሉ ይወርሰዋል።»

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ መሪ አልጨበጡም ነበር። የዚያን ዕለት ነዱ። እትዬ ዘውዴ ከአዳራሹ ኩሽና ቢላዋ ይዘው ከጎናቸው ተቀመጡ፤ እኔና ሌሎች አምስት መኪና ሆነን ተከተልን። ማውንት ቤከር ያሉ ባለ መደቦች ያን ቀን ያዩትን የሚረሱት አይመስለኝም፤ ጥቁር ጥለት ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያበበ ጎመን ሲቆርጡ፣ አንድ ሽማግሌ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ሆነው ሲያዝዙ። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ፀሐይ በፕሪሙ ቅጠል ውስጥ ትወርዳለች። ከዚያ ሁሉ ነጠላ አንዱም ነጭ አልነበረም።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ዕዳ አለብኝ። በዚህች ገጽ ብዙ ሰው አሸንፌአለሁ፤ እንደዚያን ቅዳሜ ግን በመሸነፌ ያሸነፍኩበት ቀን የለም። ፈረንሳዮቹ ሁለት ባላ አልተከሉም። ሰውና የቆመበት መሬት አንዱ ሌላው ላይ ቀለሙን እንደሚያሳርፍ አይተው፣ ያዩትን ነው የሠሩት። እኔ ይህን ለማየት ሃያ ዓመት፣ አንድ ሙዚየም ጠባቂና አንድ የተቆጡ ባል አስፈልጎኛል። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ አየ ማለት አይደለም፤ ይህን ስጽፍ መስተዋት ፊት ተቀምጬ ነው።

አሁን ቤተሰብ ፎቶ ይዞ ሲመጣ ከሁሉ በፊት «የት ነው የተነሱት?» እላለሁ። ሰዎች እንዲህ ሲጠየቁ ይቀመጣሉ። «ይሄማ ታክሲ ሲነዳ የሚያርፍበት ቦታ ነው» ይላሉ፤ «ይሄማ አዲሱ አፓርታማ የገባን ቀን ነው» ይላሉ፤ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ አለቃዬ ያጉረመርማል። ከዚያ ብዙዎቹ ራሳቸው «ተወው፣ አታጥፋው» ይሉኛል። ደመና አምጣ የሚል ካለ አልከለክልም፤ ሟቹ አውሮፕላን አብራሪ ነበር ወይ ብዬ ግን እጠይቃለሁ።

በመስከረም ጋሽ አሰፋ አንድ ከረጢት ፕሪም ይዘው ማተሚያ ቤት መጡ። የመጡት ብቻቸውን፣ በራሳቸው መኪና ነው። «አዲስ ዘር ዘራሁበት» አሉኝ፤ «አዲሱ ጎመን ወጥቷል። ና እና አንሳው።» ሄጄ አነሳሁት። ጎመኑን ሳነሳ እሳቸው ገቡበት።

የእኔም ቀን ሲደርስ፣ ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ የሚወርስ ሰው አደራ አለበት። ከማሽኑ አጠገብ ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶ ያገኛል፤ ቀለም የነካ ሸሚዝ ለብሻለሁ፣ ከኋላዬ የሶዶ መጋዘኖች በመስኮት ይታያሉ፣ የማሽኑ ሰማያዊ መብራት ግማሽ ፊቴ ላይ አርፏል። አንዱን እንኳ እንዳያጥብ። ጻድቅ ሣር አያስፈልገውም ብዬ ነበር፤ እኔ ጻድቅ አይደለሁም።